አርባ አንድ ጭረት

እሑድ ነው፤ ዕረፍቴ፤ ባንኩ ተዘግቷል፤
አንሙት በማለዳ በሬን አንኳኩቷል፦
«የጥሊያን ምሽግ አለ ከዱር ቤቴ ወዲያ፤
ደርሶ መልስ ነው፣ ተነሥ፤ መተኛት አይደል ሙያ።»

መናኸሪያው ሞልቷል። ረዳቱ ይጮኻል፦
«ዳንግላ! ዳንግላ! ሁለት ሰው ይበቃል!»
ሁለቱ ሰው እኛ፣ ገብተን ተቀመጥን፤
«ሁለት ሰው!» ይላል ገና። ሰዓት ሙሉ ጠበቅን።

መሸንቲን አለፍን፤ መራዊ ላይ ቆምን፤
በመስኮት ሸንኮራ፣ ሦስት አገዳ ገዛን።
ወተት አባይ ደረስን፤ ውሃው ጭቃ መስሏል፤
ስም አውጪው በክረምት ሳይመጣ ቀርቷል።
አንሙት መንገድ ሙሉ ግንብ ሠራ በአፉ፦
አራት ማማ አቆመ፣ መድፍ በየጫፉ፣
የብረት በር ገጥሞ፣ ጉድጓድ ዙሪያ አብጅቶ፣
ዱር ቤቴን ስናልፍ ጣራው ብቻ ቀርቶ።

ወረድን። ኮረብታ አለ፤ ግንብ የሚባል የለም፤
ገብስ ነው ከላዩ፣ ጉልበት የሚደርስ ለምለም።
አንድ ሰው አገኘን ከቅዳሴ ሲመለስ፣
ሽባባው ይሉታል፤ ሳቀ ነጠላው እስኪፈስስ፦
«ግንቡማ ወረደ! ከታች ነው የሚኖር፤
ተከተሉኝ፣ ላሳያችሁ በየሰዉ በር።»

የወፍጮ ቤቱ ደፍ የምሽጉ በር ነበር፤
ማማው ደረጃ ሆኖ ልጅ ያወጣል ለመማር፤
መድፍ የተቀመጠበት፣ ጥርቡ ሰፊ ድንጋይ፣
ልብስ ይታጠብበታል ከቦኖው ዳር ላይ።
«ሲክቡትማ» አለን «አያቶች በግዳጅ፣
በጅራፍ ነው የወጣ፣ በትከሻና በእጅ፤
ሲወርድ ግን በአህያ፣ በደቦ ነው፣ በጠላ፤
ቁልቁለት ደግ ነው፣ አይጠይቅም ሌላ።»

«ለዚህ ነው እንዴ ታዲያ ያ ሁሉ መንገድ?»
አለና አንሙት አኮረፈ። ሽባባው «ትጓደድ!»
ብሎ ተጣራ በአጥር። ሴትየዋ ወጣች፣
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ግቡ» አለች።

ልስኑ አዲስ ነው፤ የጭድና የአመድ ቀለም፤
አንዲቷን ድንጋይ ግን ጭቃ አልነካትም።
ራቁቷን ቀርታለች ከመስኮቱ በታች፤
አርባ አንድ ጭረት በተርታ ይዛለች።

«እግዚኦታ ነው» ይላሉ ያገሩ መሪጌታ፤
«መቁጠሪያ ቢቀሙት በድንጋይ ቆጥሮ ማታ።»
«ቀን ነው» አለ አንሙት፣ ኩርፊያውን ረስቶ፤
«እስረኛ ነው፤ በአርባ ሁለተኛው ወይ አምልጦ፣ ወይ ሞቶ።»
ሽባባው፦ «ማጭድ ነው፤ አትድከሙ» ይላል፤
«አባቴ ስሎበታል፤ አያቴም ስሎበታል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብንላት ትጓደድን፣
«እኔማ ምን አውቄ! ስለስን ግድግዳውን
እጄ እዚያ ሲደርስ ዕረፍ ዕረፍ ይለዋል፤
ቆጥሮ ያልጨረሰ ሰው ቢሆንስ? ማን ይከድነዋል?»

እኔም ጎንበስ ብዬ በጣቴ ቆጠርሁ፤
አርባ ሁለት መጣ። ደገምሁ፤ አርባ አገኘሁ።
መቁጠር ነው ሥራዬ፣ በእሱ ነው እንጀራዬ፤
ምን ነካው ጣቴን ያን ዕለት? ወይስ ጋረደኝ ጥላዬ?

ማታ ባሕር ዳር ገባን፤ ዘንባባው ጨልሟል፤
አንሙት ከትከሻዬ ራሱን ጥሎ ተኝቷል፤
አራቱ ማማ፣ መድፉ፣
አብረውት አንቀላፉ።

ሰኞ ከመስኮቴ ፊት ሰልፉ ተንዛዝቶ፣
አንድ የኑግ ነጋዴ እስር ብሩን ፈትቶ፣
ስቆጥር፣ ስቆጥር... ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ... አርባ አንድ...
እጄ ዝም ብሎ ቆመ፣ እንደ ጠፋበት መንገድ።
«ምነው?» አለ ሰውየው። «ጎደለ እንዴ?» አለኝ።
«አይ፣ አልጎደለም» ብዬ ከአንድ ጀመርሁኝ።